በአያልነሽ አገልግል ውስጥ የተሠራው ኮምፒውተር

ወንዳፈራሁ ጫኔን የማያውቅ የሞላሌ ሰው የለም። የተበላሸ ራዲዮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራዲዮ የሌለውም ቢሆን አውቶቡስ ሲጠብቅ ዝናብ መጥቶበት ከሱቁ በረንዳ ተጠልሎ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የእኔን የልብስ ስፌት መኪናና የእሱን ጠረጴዛ የምትለያቸው አንዲት ስስ የጣውላ ግድግዳ ናት። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ ሆኜ "ይማርህ" እላለሁ። እሱ የከፈተውን ዜና እኔ በነጻ እሰማለሁ። ይህን ታሪክ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት እሱ ራሱና አያልነሽ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሲጠየቁ ይስቃሉ እንጂ አይናገሩም።

ሙያውን የተማረው ዓለም ከተማ ነው፤ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀምጦ። እዚያው ሱቅ ሊከፍት ሲያስብ እናቱ እማማ ቦጋለች አልጋ ላይ ዋሉ ተባለና ያለውን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜው የት እንደሄደ እሱም አያውቀው። ጠዋት እናቱን አጥቦ፣ አብልቶ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሱቅ ይመጣል፤ ቀትር ላይ ዘግቶ ይሮጣል። ነጠላቸውን ራሱ ወንዝ ወርዶ ሲያጥብ ያዩት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ዝም አሉ፣ ከዚያ ደግሞ ለባሎቻቸው ምሳሌ አድርገው ይጠሩት ጀመር፤ በዚህ እኔም ስንት ነገር ሰምቻለሁ። ሚስት ሳያገባ አርባውን አለፈ። ዓይን አፋር ነው። ራዲዮ ሲጠግን "አይዞህ፣ ትንሽ ነው፣ አሁን ይለቅህና ትናገራለህ" እያለ ያባብለዋል፤ ሰው ፊት ግን ሰላምታውም ከጉሮሮው አይወጣም።

የሁለት ሺህ በዓል ካለፈ ወዲያ እማማ ቦጋለች ዐረፉ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ወጉ እንጀራውንና ወጡን ይዞ ለቅሶ ቤት ገባ። አያልነሽ ግን በአገልግል ጭኮ ይዛ መጣች። አያልነሽ ባሏ የሞተባት፣ አገልግል እየሰፋች ቅዳሜ ገበያ የምታወጣ ሴት ናት። በለቅሶ ላይ ጭኮ ምን ይሁን ብለው ሌሎቹ ሴቶች ተጠቃቀሱ። እሷ ግን አስባበታለች። እንጀራው ለቀስተኛው ሳይበተን ያልቃል፤ ጭኮ ግን በቅቤ የታሸ ገብስ ነውና ሰነባብቶ አይበላሽም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንዳፈራሁ ብቻውን ሲቀር የሚበላውን ነበር ያመጣችለት። እሱም ይህ ገባው። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ በጣቱ እየቆረሰ ሲበላ ልቡ ወደ እሷ ሄደ።

ጭኮው አለቀ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ተጀመረ። በኛ አገር ምግብ የመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቢያንስ አንድ እፍኝ ቆሎ ጣል ይደረግበታል፤ ባዶውን የመለሰ ሰው ደጅ ዘግቷል ነው የሚባለው። ወንዳፈራሁ ደግሞ ሽሮ እንኳን በወጉ መሥራት አይችልም። ባለቤቴ አመተሥላሴ ዳቦ ጋግራ ልትሞላለት ብላ ነበር። አልፈልግም አላት። ምክንያቱን ለእኔ በግድግዳው በኩል ነገረኝ።

"የአመተሥላሴን ዳቦ ልኬ ነው እንዴ አያልነሽን የማመሰግናት?"

ነገሩ ዳቦ አልነበረም። አገልግሉን ከመለሰ በእሱና በእሷ መካከል ያለችው ክር መበጠሷ ነው። ካልመለሰ ደግሞ ንፉግ ተባለ። ሌላ መግቢያ አልነበረውም፤ ሽማግሌ ልላክልህ ስለው፣ እሷ እንቢ ብትል ሞላሌን ለቆ እንደሚሄድ ማለልኝ። አገልግሉም ከሱቁ ግድግዳ ላይ በማንገቻው ተሰቅሎ ከረመ። አያልነሽ በበረንዳው ስታልፍ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ምንም አትልም። ያ ዝምታዋ ሌላ ሰው ቢሆን ያስደፍረው ነበር፤ ወንዳፈራሁን ግን የባሰ አስፈራው።

ታዲያ በዚያ ክረምት አንድ የግብርና ባለሙያ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወድቃ ፕላስቲኳ ድቅቅ ያለ ትንሽ ላፕቶፑን አመጣለት። ባለሙያው ተስፋ ቆርጦ ላንተ ትሁን ብሎ ትቷት ሄደ። ወንዳፈራሁ ከመሐል ሜዳ አንድ ጽሕፈት ቤት የጣላትን ሌላ እንዲሁ የሞተች ላፕቶፕ አፈላልጎ አገኘ። ኮምፒውተር በደንብ አያውቅም፤ ደብረ ብርሃን ያለ ጓደኛው በስልክ እየነገረው፣ ሲሳሳት እየተቆጣው፣ ከአንዷ ማዘርቦርዷን፣ ከሌላዋ ስክሪኗን፣ ባትሪዋንና ሃርድ ዲስኳን ወስዶ አንድ አደረጋቸው። "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ሲል እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የማላውቀው ትንሽ ዜማ ተሰማ። ሮጬ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የተበታተነው ሽቦ ሁሉ ነፍስ ዘርቶ ስክሪኑ በርቷል። ወንዳፈራሁ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል።

ቀፎ ግን የላትም። ፕላስቲኩ ደቅቋል። ቀና ብሎ አገልግሉን አየ። እኔም አየሁ።

ልክ እንደ ተለካላት ገባች። ማዘርቦርዷ ከታች፣ ከተሰፋው የስንደዶ ሣር ላይ ተቀመጠች፤ ስክሪኗን ከክዳኑ ውስጥ በጠፍር አሰራት፤ ኪቦርዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎን ይገባል። ክዳኑ ሲነሣ ትበራለች። ዘግተው በማንገቻው ሲይዙት ግን ለገበያ ስንቁን የያዘ ሰው እንጂ ሌላ አይመስልም። ምን ልታደርግበት ነው ስለው፣ ሞልቼ ልመልስላት ነው አለ። አያልነሽ ኮምፒውተር ምን ያደርግላታል ብዬ ጠየቅሁት።

"ምን አውቅልሃለሁ" አለኝ። "ገበሬ የዘራውን ይልካል። እኔ የምዘራው ይኼን ነው።"

ደስታው ግን አልዘለቀም። አገልግል የተሠራው ሙቀት እንዳያወጣ ነው፤ እንጀራው ሳይቀዘቅዝ መንገደኛው ካሰበበት እንዲደርስ። ኮምፒውተር ደግሞ ሙቀቱ ካልወጣ ይሞታል። ጥቂት እንደሠራች ማራገቢያዋ ታቃስትና ድርግም ብላ ትጠፋለች። ቆዳው የተለሰለሰበት ቅቤ ይቀልጥና ሱቁ ሁሉ ይሸታል፤ የሠፈሩ ድመት ከደጃፉ አልነሣም አለ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፤ ቆዳውን ቀድዶ አየር ማስገባት። የተቀደደ አገልግል ግን እህል አይይዝም፤ ዕቃው ደግሞ የእሷ ነው፣ የእጇ ሥራ ነው። ሳይጠይቃት አይቀድደውም። እሷን መጠየቅ ማለት ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸው ነገር ማለት ነው።

በመጨረሻ ቆረጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴ ስትወጣ ጠብቆ ሊጠይቃት፣ ሙቀቱንም በእጇ እንድታየው ብሎ ሳያጠፋው፣ አገልግሉን አንግቶ መጣ። የዘነጋው ነገር ቢኖር በዚያ እሑድ የሰንበቴው ተረኛ እሱ መሆኑን ነው። መርሳቱን የጠረጠረችው አመተሥላሴ ዳቦውንና ጠላውን አዘጋጅታለት ቀድማ ገብታለች። ተረኛው ራሱ አገልግል አንግቶ በር ላይ ሲታይ ሴቶቹ ተሻምተው ተቀበሉት። አንዷ በመዳፏ ደግፋ "ውይ፣ ትኩስ ነው" አለች። ሌላዋ ቅቤው እንዴት ይሸታል አለች። ወንዳፈራሁ ማንገቻውን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ አልደረሰበትም። አገልግሉ ከመሐል ገበታው ላይ ተቀመጠ። እጅ መታጠቢያው ዞረ። አባ መርስዔ ኃዘን፣ የብዙዎቻችን የነፍስ አባት፣ ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡና በግእዙ ጀምረው በአማርኛው አሳርገው ባረኩት፤ ያዘጋጀውንም እጅ ባረኩ። እኔ ከጥግ ሆኜ ሳቅ ሊገድለኝ ነበር፤ የወንዳፈራሁን ፊት ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ።

አመተሥላሴ ክዳኑን አነሣች። ስክሪኑ ቦግ አለ። አረንጓዴ ጉብታ፣ በላዩ ሰማያዊ ሰማይ።

የሰንበቴው ሰው ሁሉ ወደ ገበታው ተጠጋ። መጀመሪያ የተናገሩት አያ ወዳጆ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በግ ያረቡ ሰው ናቸው። አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

"ይኼን የመሰለ ሣር ቆሞ እንዴት አንድ በግ የለበትም? የማን ግጦሽ ነው?"

አባ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን እንደ ያዙ ጎንበስ አሉ። "ይልቅ ንገሩኝ፣ ይኼስ የጾም ነው የፍስክ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በዚህ መሐል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። አያልነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሰፊ የራሱን ስፌት አይስትም፤ ማንም ሳይነግራት መጥታ ተንበረከከችና መዳፏን በቆዳው ላይ አሳረፈች። ሳቁ ቆመ። ያ የለቅሶ አገልግል መሆኑ ያን ጊዜ ነው ለሁላችን የገባን።

"ታፍኗል" አለች።

ወንዳፈራሁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገረ። "አያልነሽ፣ ባዶውን መመለስ አፍሬ ነው። የምሞላበትን ስፈልግ ይኼን አገኘሁ። አሁን አየር አጠረው። ካልተቀደደ አይኖርም፤ ያንቺ ነውና አልደፈርሁም።"

"ሞልቶ መመለስ ቢያቅተው ቀድዶ ሊመልስልሽ ነው" አሉ አያ ወዳጆ።

አባ መርስዔ ኃዘን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። "ልጄ አያልነሽ፣ ከተቀደደ እህል አይያዝበትም። ዕቃሽ እዚያው እሱ ቤት ቀረ ማለት ነው። ይህን አስበሻል?"

"አስቤዋለሁ አባቴ" አለች፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች። "በበረንዳው ባለፍሁ ቁጥር ነው የማስበው።" ከዚያ ወደ ወንዳፈራሁ ዞረች። "ዛሬ ሰንበት ነው፣ ቆዳ አይቀደድም። ነገ ይዘኸው ና። የምቀድደው ግን እኔ ነኝ፤ አንተ ከነካኸው ስፌቴን ትፈታብኛለህ።"

"መቼም እኔ አንዴ ባርኬዋለሁ" አሉ አባ መርስዔ ኃዘን ወደ ቦታቸው እየተመለሱ። "ቡራኬ ደግሞ አይመለስም። በሉ፣ ዳቦው ይምጣ።"

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ፤ እንደ ወጉ ተለማመጥን፣ እንደ ወጉ ቀጠሮ ተሰጠን። ብዙ ሰው ጉዳያቸው ያለቀው ያኔ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ የሰንበቴውን ማግሥት ሰኞ ጠዋትን አይቻለሁ። ወንዳፈራሁ ብቻዬን አልሄድም ብሎ ይዞኝ ሄዶ ነበር። አያልነሽ ደጃፏ ላይ ቁርበት አንጥፋ፣ በከሰል ቆዳው ላይ ቅጠል የመሰሉ ቀዳዳዎች ምልክት እያደረገች አገኘናት። ጠንካራ ክር አለህ ወይ ብላ እኔን ወደ ሱቄ መለሰችኝ። ይዤ ስመጣ ከአጥሩ በር ላይ ቆምሁ። እሱ ኮምፒውተሩ ከውስጥ የበራበትን አገልግል በሁለት እጁ ይዟል፤ እሷ ወስፌዋን ሰክታለች፤ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

"አጥብቀህ ያዝ" አለችው።

"ይዣለሁ።"

"ከሳትሁ እጅህን ነው የምወጋው። እንዳትለቅ።"

"አልለቅም።"

ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ ጧ የምትል ድምፅ ተሰማች። ሁለቱም ቀዳዳዋን ተመለከቱ፤ ከዚያም እሷ መዳፏን አስጠግታ የሚወጣውን ሙቀት ዳሰሰችና የእሱንም እጅ ስባ አስጠጋችው። እኔ ክሩን ከበሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ በጣቴ እየረገጥሁ፣ ወደ ሱቄ ተመለስሁ።