አሥራ አንድ መደብ፣ አንድ ነጭ ድስት

የአክስቴ ባል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው የሚበላውን ምግብ ከሰው ቀድመው ሲጠረጥሩ ኖረዋል። የማዘጋጃ ቤት የምግብ ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአትክልት ተራው ጀርባ ወዳሉት የምሳ መደቦች ይወርዳሉ። አሥራ አንድ መደቦች በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል፤ ሁሉም የሚሸጡት የባቄላ ሾርባና ዳቦ ነው። ከአንደኛው ይጀምራሉ፤ አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ወደ ሁለተኛው ያልፋሉ። ድስት ባዩ ቁጥር አስቀድመው የሚጠይቁት «ክዳኑስ?» ብለው ስለሆነ ገበያው «ጋሼ ክዳን» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ስሙን እንደማያውቁ ሆነው ይኖራሉ፤ ግን ያውቁታል፤ እንዲያውም ትንሽ ይኮሩበታል።

እኔ ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ እነሱ ቤት ተጠግቼ ነበር። ሌላው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆና አበባ በሚደረድርበት መደርደሪያ ላይ እሳቸው በየዓመቱ የተጠረዙ የሪፖርት ቅጂዎች አቁመዋል። ሥራ ፈት የማያነበው ነገር የለምና ሁሉንም አነበብኳቸው። ስለ ምሳ መደቦቹ ከመጀመሪያው ዓመት በቀር ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «የሾርባው ጥራት በሁሉም መደቦች ተመሳሳይ ነው። ጣዕሙ ለጤና ተስማሚ ነው።»

«ለጤና ተስማሚ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አይልም ማለት ነው።»

«ሰው ግን ይሰለፍበታል።»

«እሱ ነው እኮ ያልገባኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነገሩ ያሳስባቸው ነበር። የቢሮ ባልደረቦቻቸው ከዚያ ሰፈር በልተው ሲመለሱ ግንባራቸው ወዝቶ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ከንፈራቸውን እየላሱ ነው። እሳቸው ደግሞ ከማክሰኞው ማንኪያ በቀር እዚያ ቀምሰው አያውቁም። «አግዳሚ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ምላሱ ይታሰራል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ጡረታቸውን የሚጠብቁት ለአንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ እንደማንም ሰው ተቀምጦ፣ ማንም ሰው የሚበላውን አንድ ሳህን ለመብላት።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ዘመድ ይጠይቃል» አለች አክስቴ። «የኔው ጉድ ባቄላ ሊበላ ገበያ ይወርዳል።»

የጡረታ ደብዳቤያቸውን ሰኞ ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ወረድን። ሌላ ቀን መሄድ ይችሉ ነበር፤ ግን እግራቸው ያንን መንገድ የሚያውቀው ማክሰኞ ብቻ ነው። አራተኛው መደብ ፊት ተሰለፍን። የመደቡ ባለቤት አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ከሰልና ደንበኛ በእኩል ድምፅ የምትቆጣ ሴት ናት። ተራችን ሲደርስ ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ውስጥ ገብተው አረፍ ይበሉ። የእርስዎ ገና አልደረሰም።»

«የኔ? የኔ የሚባል አለ እንዴ?»

ሴትዮዋ ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረች። ከኋላችን የቆመ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ የጠቀለለ ተሸካሚ መለሰላት።

«ነጩ ድስት ገና ሦስተኛው መደብ ላይ ነው፣ አባባ።»

ዞር ብለን አየን። ሦስተኛው መደብ ፊት አዲሱ ተቆጣጣሪ፣ ደብተሩ እንኳ ገና ያልተጣጠፈ ጎልማሳ፣ ከነጭ ድስት የተቀዳ ሾርባ ይቀምሳል። ባለመደቡ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ፣ ነጭ ቆብ ደፍቶ እንደ ነርስ ቆሟል።

«አንቺ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አሉ የአክስቴ ባል።

ሴትዮዋ ጡረታ መውጣታቸውን ሰምታለች። ጭልፋውን አስቀመጠች።

«በመጀመሪያው ዓመትዎ፣ እያንዳንዱ መደብ ክዳን ያለው ነጭ ድስት ይኑረው ብለው ጻፉ። አሥራ አንድ ድስት ከየት ይምጣ? አዋጥተን አንድ ገዛን። እርስዎ በፊት ለፊት ሲሄዱ እሱ ከኋላችን በተጋረደው ሸራ ጀርባ ይቀድምዎታል።»

«ሽርጡስ?»

«እሱም አንድ ነው። ቆቡም።»

«ሾርባውስ? ለምንድን ነው ምንም የማይለው?»

«በዚያው ዓመት አንድ ቀን ቃሪያው አስነጠሰዎትና፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ባዕድ ነገር ተገኝቷል ብለው ጻፉብን። ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ ቃሪያ አልነካነውም። ነጭ ሽንኩርትም። ጨውም፣ ይኸው።»

«ለበሽተኛ ግን ደኅና ነው» አለ ተሸካሚው። «ባለቤቴ ሆዷን ሲያማት ለምኜ ወስጄላታለሁ።»

የአክስቴ ባል ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ከዚያኛው ቅጂልኝ» አሉ፤ ጎኑ በጥላሸት የጠቆረውን፣ ክዳን የሌለውን ትልቁን ድስት እያመለከቱ።

ቀዳችላቸው። አውራ ጣቷ ሾርባው ውስጥ ነበር፤ አዩት፤ እኔም ሲያዩት አየሁ። አግዳሚው ላይ በተሸካሚውና በአንዲት ዳቦ አከፋፋይ መካከል ተጣብቀው ተቀመጡና የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን ጎረሱ። ግንባራቸው ወዛ። በቃሪያውና በነጭ ሽንኩርቱ መካከል፣ ከድስቱ ሥር ትንሽ ያረረ ሽንኩርት ነበረበት፤ እሱን ፈልገው ፈልገው አወጡት።

ይህን ጊዜ ከሸራው ጀርባ የሚሸጥ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ጎንበስ ብሎ በሸራው ሥር ነጩን ድስት አቀበለ። ሽርጡና ቆቡ ተከተሉ። ሴትዮዋ የታጠቀችበትን ፍጥነት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አዲሱ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ከነጩ ድስት ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የአክስቴን ባል አያቸው።

«ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት። ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የዚህ ሰፈር ምግብ እውነት እንደዚህ ነው?»

ተሸካሚው ማኘክ አቆመ። በአሥራ አንዱም መደብ ጭልፋ ዝም አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ሰፈሩ በዚያው ቀን ይታሸጋል። ካልተናገሩ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት የጻፉት ሁሉ የአንድ ድስት ታሪክ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ሰው ቀጣዩን ሃያ ሰባት ዓመት ያንኑ ይጽፋል። የአክስቴ ባል ሳህናቸውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ።

«ና፣ እንብላ» አሉት።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታላቅህ ነኝ። እንብላ አልኩህ።»

እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። ቆሞ ከሳህናቸው አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ሳለ። ሳህኑን አየ፣ ነጩን ድስት አየ፣ ቆቡ ግንባሯ ላይ የወረደባትን ሴትዮ አየ።

«ይሄ ከዚህኛው ድስት ነው?»

«ያ የሥራ ነው» አሉት የአክስቴ ባል። «ይሄ የምሳ ነው።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ከፈተ። መልሶ ከደነው። ሁለተኛ ማንኪያ ጎረሰና በደንብ አኘከ። ከዚያ በአፍንጫው ሳብ ሳብ እያደረገ ጻፈ፤ አጠገቡ ስለነበርኩ አነበብኩት። «ጥራቱ በአራቱም መደቦች ተመሳሳይ ነው» ይላል። ወደ አምስተኛው አለፈ፤ በሸራው ሥር ድስቱ ቀደመው።

«ጋሼ፣ ሊሸጡን ነው ብዬ ነበር» አለች ሴትዮዋ ሽርጡን በሸራው ሥር እያሳለፈች።

«ልሸጣችሁም ነበር» አሉ። «ክፋቱ፣ ቀድሜ ቀመስኩት።»

ወደ ቤት ተመልሰን አጥሩ በር ደረስን።

«ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ድስት ተቆጣጠርኩ» አሉ መቀርቀሪያውን ይዘው።

«ንጹሕ ነበር ግን» አልኩ።

«እሱስ በጣም ንጹሕ ነበር።»

ለአክስቴ ሳንበላ ተመለስን አሏት፤ እሷም አዝና ለራት የባቄላ ሾርባ ሠራችላቸው። በማግሥቱ ሆዳቸው ተነሣ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን አክስቴና እኔ ደግፈን ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ ውጭ የበሉት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው፤ ቦታውን ለጤና ቢሮ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

«ውጭ አልበላሁም» አሉ።

«ታዲያ የት በሉ?»

እኔን አዩኝ። ከዚያ ጣሪያውን አዩ።

«ቤቴ።»

ሐኪሙ ጻፈ። አክስቴ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። እሳቸው ከዚያ ሕመም ድነው፣ በኋላ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ እኔም እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም። ቤቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ባቄላ ታቀርብና፣ እስኪጨርስ ድረስ እጇን አጣምራ፣ ፊቱን እያየች አጠገቡ ትቆማለች።