ሰው የሠራው ፍርፍር

ኮልፌ ውስጥ፣ ከታክሲው ፌርማታ ወረድ ብሎ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጎን አንዲት ቁርስ ቤት አለች። ስም አልተጻፈባትም። ስም ምን ያደርጋል? ሰፈሩ «ተሼ ጋ» እያለ መጥራት ከጀመረ ቆየ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ በያጁም፣ ቢሮ የረፈደበትም እየተጋፋ ይገባል፤ ፍርፍሩን ጥርግ አድርጎ፣ ሻዩን ፉት ብሎ ይወጣል። የቤቷ ባለቤት ተሻለች ደግሞ ምድጃዋ አጠገብ ቆማ ታየዋለች። ቆማ ነው የምላችሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቁርሷን ተቀምጣ ስትበላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ተሼ በሰው አትቀናም። ወርቅ አያምራት፣ መኪና አያምራት። የሚያምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጣት፣ ጎንበስ ብሎ «ምን ልታዘዝ?» የሚላት ሰው። ይቺን ቃል እሷ በቀን መቶ ጊዜ ትላታለች፤ ለእሷ ግን ማንም ብሏት አያውቅም። ሠርግ እንኳ ስትጠራ ገና ከበሩ «እሰይ፣ ተሼ መጣች!» ተብላ፣ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ ታስሮላት፣ በቀጥታ ወደ ድስቱ ነው። ምግብ ቤት ገብታ እንዳትበላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት፤ የሽንኩርቱንም የዘይቱንም ዋጋ ታውቀዋለች፣ ሰው እንዴት እንደሚያተርፍባት ስታስብ ምግቡ አልወርድ ይላታል።

ይህን ምኞቷን ለባሏ ለወንድዬ የነገረችው አንድ ቀን እግሯን ስታሽ ነው። ወንድዬ ከጎን ካለው ብየዳ ቤት ፍርፍር ሊበላ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ያኔ እግሯን ተቀብሎ ከማሸት በቀር ያደረገው የለም። ጥር ሲገባ ግን፣ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው እረፍት ሲወጡ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ቢሾፍቱ ልንሄድ ነው! ዋተር ፓርክ! ሁለት ሌሊት አድረን ነው የምንመለሰው። አንቺ ደግሞ ተሼ፣ እጅሽን ከዋናው ውሃ በቀር ሌላ ውሃ አይነካውም። ማንኪያ ካነሳሽ ከእኔ ጋር ተጣላን!»

የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳምሪ ጮኸች። የዘጠኝ ዓመቱ ኢዮስያስ አልጋው ላይ ዘለለ። ተሼም ፈገግ አለች፤ ፈገግ ብላ ስታበቃ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጓዳ ገብታ አንድ ፌስታል ሙሉ ድርቆሽ፣ አንድ ጣሳ ጭኮ፣ ቆሎ፣ በርበሬ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ፔርሙስና አንዲት መጥበሻ ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ጠቀጠቀች።

«ሽርሽር ነው ወይስ ዘመቻ?» አለ ወንድዬ ቦርሳውን ሲያነሳ ወገቡን ይዞ።

«ድንገት ቢርበንስ?»

ቅዳሜ ማለዳ ቁርስ ቤቷን ዘግታ፣ ቁልፉን ሁለቴ ዞራ አይታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው ቃሊቲ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ገቡ። አንድ ርካሽ ቤርጎ ያዙና ወደ ፓርኩ ሄዱ። በሩ ላይ ያደሳ የሚባል ጥበቃ ቦርሳውን ከፍቶ፣ መጥበሻውን አውጥቶ አገላብጦ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«መጥበሻ ነው የኔ ልጅ፤ አታውቀውም?»

«እሱንስ አውቀዋለሁ። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለዛሬ እኔ ጋ ይቀመጥልዎት።»

ገቡ። ወይ ጉድ! ሸርተቴው ከኮልፌ ፎቆች ይረዝማል። ኢዮስያስ ከላይ ሲወረወር የእናቱ ነፍስ አብሮት ይወርዳል። ሳምሪ ጸጉሯ እንዳይበላሽ ስትጠነቀቅ ቆይታ በመጨረሻ እሷም እየጮኸች ተንሸራተተች። ተሼ ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረችና ሰዓቷን አየች። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ልቧ ድው ድው ይላል። ልጃገረድ ሆና ወንድዬን ልታገኝ ስትሄድ እንኳ እንዲህ አልሆነችም።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ያብረቀርቃል። ተሼ አንድ ወንበር መርጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጠበቀች። ማንም አልመጣም። አሁንም ጠበቀች።

«እማ፣ እዚህ እኮ ሰልፍ ይዘሽ ራስሽ ነው የምታመጪው» አለች ሳምሪ።

ተነሳች። ተሰለፈች። በርገሩንም፣ ፒዛውንም፣ የወንድዬን ጥብስም በትሪ ተሸክማ መጣች። ከእነሱ በፊት የበሉት ሰዎች ጠረጴዛውን አዝረክርከውት ስለነበር በሶፍት ወለወለችው። ጥብሱ ቀዝቅዟል። ደረሰኙን ስታነበው አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ይላል፤ ከታች ደግሞ አንድ የማታውቀው ነገር ተጽፏል።

«ሰርቪስ ቻርጅ ማለት ምንድነው?»

«ስላስተናገዱን ነው እማ።»

«በስመ አብ! ማን ነው ያስተናገደኝ? እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተናገድኳችሁ? ለእኔ ይክፈሉኛ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ምሳ ይሄ ነው? ትሪውን ይዛ ተነሳችና እንደ ዳኛ ፈረደች፤ «በቃ! ከአሁን በኋላ ምግብ ቤት የሚባል ነገር የለም። በዚህ ዓይነት ሰኞ የመመለሻ ታክሲም አይኖረን። ምግብ ከኔ ቦርሳ ነው።» የተናገረችው እውነት ነው። ግን ምኞቷንም አብራ እንደዘጋችው ታውቋታል፤ ከፍቷታል።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዷ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነቃች። ከቤርጎው ባለቤት ምድጃ ተውሳ ድርቆሹን በበርበሬና በዘይት አሸችው፣ ሻይ አፈላች፣ ለምሳ ዳቦ በእንቁላል አዘጋጀች። ሦስቱ አልጋ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እየላሱ በሉ። እሷ ቆማ አየቻቸው። ፓርኩ በር ሲደርሱ ያደሳ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ዛሬ ሰንበት ነው፤ ሕዝቡን አዩት? ቦርሳ አስቀምጬ ቢጠፋ ኃላፊነቱን አልችልም።»

«በሉ ግቡ እናንተ» አለች ተሼ ሳታቅማማ። «እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ምሳችሁን እጠብቃለሁ። ነፋሱም ደስ ይላል።»

እውነትም ነፋሱ ደስ ይላል። ያደሳም ደግ ሰው ነው፤ ቆሎ ስትሰጠው አንድ የፕላስቲክ ወንበር አመጣላት። በሰባት ሰዓት ልጆቹ እርጥብ ሆነው እየሮጡ መጡ፣ ዳቦውን በሉ፣ ጭኮውን ተሻሙ፣ ተመልሰው ገቡ። ቅዳሜ ለሁለት ቀን ሲከፍሉ ክንዳቸው ላይ የታሰረውን የመግቢያ አምባር ላሳየ ሰው መውጣትና መግባት ነጻ ነው። ኢዮስያስ ያን ቀን ሸርተቴውን አሥራ አራት ጊዜ ወርዷል፤ ቁጥሩን ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል። የእናቱ አምባር ግን ክንዷ ላይ እንደ ደረቀ ዋለ።

ማታ ራት ከበሉ በኋላ ተሼ ቤርጎው ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ ሳህን ታጥባለች፤ እያንጎራጎረች ነው። ሳምሪ ፎጣ ልታሰጣ ወጥታ ቆም ብላ አየቻት። ከኋላዋ የኮልፌው ቁርስ ቤት ግድግዳ ቢሳል ልዩነት የለውም።

«አባ» አለች ገብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ነን ሽርሽር የመጣነው። እማ ሥራዋ ላይ ናት።»

ወንድዬ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን ጫማ እንደያዘ ቀረ። «እጅሽን ውሃ አይነካውም» ያለው ትዝ አለውና አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። «ምን እናድርግ ታዲያ? እሷ ምግብ ቤት ብንላት ብሩን ቆጥራ ታንቀናለች።»

«ለአራታችን ስለሆነ ነዋ የበዛው» አለ ኢዮስያስ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ለአንድ ሰው ብቻ ብንገዛስ?»

ወንድዬና ሳምሪ ተያዩ።

ሰኞ ማለዳ ተሼ ስትነቃ ቦርሳው የለም። መጥበሻውም የለም። «ወንድዬ፣ ተዘርፈናል!» ብላ ልትጮህ ስትል ቦርሳውን የደበቀው ራሱ ወንድዬ ትኩስ ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዞ ገባ። ሦስቱ ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ። እሷም እጇን ስትዘረጋ ኢዮስያስ ዳቦውን ወደ ደረቱ ሳበው።

«አንቺ አትበዪም!»

«ምን ማለት ነው? ልቆርብ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ልበሺ» አላት ወንድዬ።

ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ወሰዷት። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ዋጋው ገና ከውጭ ሸተታት። ሳምሪ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። «የምትበዪው አንቺ ብቻ ነሽ እማ። እኛ ጠግበናል። አንድ ሳህን ብቻ ነው፤ አንድ ሳህን ደግሞ አያደኸየንም።» ወንድዬ ወንበር ሳበላት። ብየዳ ለምዶ እጁ ከባድ ስለሆነ ወንበሩ ሲንጫጫ ሰው ሁሉ ዞረ፤ ግን ሳበላት።

ሰደርያ የለበሰ ወጣት አስተናጋጅ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

ተሼ በቀን መቶ ጊዜ የምትለው ቃል ነው፤ ሲሏት ግን መልሱን አታውቀውም። ዓይኗ ሞላ። አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ የቸገራት መስሎት በትህትና ይዘረዝርላት ጀመር፤ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዱለት…

«ፍርፍር አለ?» አለች።

«እማ!» ሳምሪ ጭንቅላቷን ያዘች። «ኧረ በፈጠረሽ! ዓሣ እዘዢ! ፍርፍር ለመብላት ነው እዚህ ድረስ የመጣነው?»

«ፍርፍር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለች ተሼ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ሰው የሠራውን ግን በልቼ አላውቅም።»

ሳምሪ እጇን ከጭንቅላቷ አወረደች። አስተናጋጁም ጻፈና ሄደ። ከወጥ ቤቱ ዘይት ሲንጫጫ ሲሰማ ተሼ ጆሮዋን አቀናች። «እሳቱ በዝቷል፤ ሊያሳርሩት ነው» ብላ ብድግ ስትል ኢዮስያስ ነጠላዋን ያዘ። «ቁጭ በይ።» ተቀመጠች። እሱም እንዳትነሳ ነጠላዋን እንደ ልጓም ይዞ ቆየ።

ውሃ በማስታጠቢያ መጥቶ እጇን አስታጠቧት። ፍርፍሩ መጣ፤ ቀይ፣ ትኩስ፣ ቃሪያ የተሰካበት። ተሼ ሳህኑን ወደ መሃል ገፋ አድርጋ ዙሪያዋን አየች። «ኑ እንጂ፤ ብሉ።»

«ጠግበናል!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። ወንድዬ ሳህኑን መልሶ ወደ እሷ አስጠጋው።

ብቻዋን መብላት እንዴት ይከብዳል! ሰው እያያት፣ ያውም የራሷ ልጆች። መጀመሪያ በጥቂቱ ቆነጠረች። አላመጠች። ልጆቹ አፏን አፏን አዩ፤ የኮልፌ ፍርፍር ንግሥት የሰውን ፍርፍር ልትዳኝ ነው።

«እህስ?» አለ ወንድዬ።

«ሽንኩርቱ አልበሰለም» አለች አፏ እንደሞላ። «በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል።» ይህን ብላ ሁለተኛውን ጎረሰች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ወደ ኋላዋ ተደግፋ፣ ሐይቁን እያየች፣ ሳትቸኩል ትበላለች። ያን ሰዓት ኮልፌ ቢሆን ኖሮ ሁለት መጥበሻ ጥዳ፣ ሦስት ሰው «ተሼ ቶሎ በይ» እያላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ለካ እንዲህም ይነጋል። ደስ አላት፤ ደስታው እስከ እግሯ ጣት ወረደ።

ሳህኑ ላይ አንድ ጉርሻ ያህል ሲቀር ኢዮስያስ «ጠግበናል» ማለቱን ረሳ። ምራቁን ዋጠ። ቀስ ብሎ ጠጋ አለና አፉን ከፈተ።

ሳምሪ በክርኗ ጎሰመችው፤ እሱ ግን እናቱን ያውቃታል፣ አፉን አልዘጋም። ተሼ የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅለል አደረገች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ልጇ አፍ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ልጁን አየችው፣ ጉርሻዋን አየቻት።

«ላንተ ቤት ስንገባ እሠራልሃለሁ የኔ ጌታ» አለችው። «ይቺ የኔ ናት።»

ራሷ ጎረሰቻት። ኢዮስያስ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ወንድዬ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። አስተናጋጁ መጥቶ ባዶውን ሳህን አነሳ። ተሼ ለማገዝ አልተነሳችም።