የማይወድቅ ብሎን

ባለፈው ሳምንት የኩሽናዬን በር ሊያስተካክል የመጣው ወጣት አናጺ ብሎኑን ካቻቢቴው ጫፍ ላይ ሰክቶ ቁልቁል ዘቀዘቀው፤ አልወደቀም። ልጁ በሌላ እጁ ስልክ ይዞ እያወራ ነበር። ብሎኑ እንደተንጠለጠለ ወዲያ ወዲህ ሲል እኔ የሽንኩርት ቢላዬን እንደያዝኩ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ ስደርስ ልጁ ስልኩን ዘጋና "ምን ሆኑ ማዘር?" አለኝ። ማዘር ለመባል ገና ነኝ ብዬ ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ልጅ ሆኜ ቤታችን በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። አባዬ ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ እኛም ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖር ነበር። ደብተሬም ዩኒፎርሜም ያስነጥስ ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በፈተና ቀን ባስነጠሰች ቁጥር መምህሩ የሚያፈጡት እኔ ላይ ነው። የማን በርበሬ ኮረሪማ እንደበዛበት፣ የማን ነጭ ሽንኩርት እንዳነሰው በር ላይ ቆሜ ከሽታው ብቻ እለይ ነበር። ጉራ አይሁንብኝና እስካሁንም አይጠፋኝም።

ወፍጮ ቤታችን አንድ ልማድ ነበረው። መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄድ ስለነበር፣ ሲሄድ ሴቶቹ ጣሳቸውንና ማዳበሪያቸውን በወረፋ ደርድረው ወደየቤታቸው ይገባሉ። የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ባለ ብረት እጀታ ማብሪያ ግን አይወርድም። ሽቅብ እንደተገፋ ስለሚተው፣ መብራት በመጣ ቅጽበት ወፍጮው በራሱ ተነሥቶ ያጓራል፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን እየጎተተ ይሮጣል። መብራት መምጣቱን ከወፍጯችን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በሰባተኛ አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ከሞተሩ ተነሥቶ የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ሰፊ ቀበቶ ሰሞኑን ላልቶ ስለነበር አባዬ በዚያው ሊያጠብቀው አሰበ። ቀበቶው ያለበት ክፍል ከኋላ ነው፤ በር ላይ የቆመ ሰው አያየውም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ክፍሌ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከአባዬ ጋር ነበር የሚሠራው። አባዬ መፍቻ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሲሄድ ጋሼ ክፍሌ በእኔ በኩል አለፈና ማብሪያውን አውርጄ እዚያው እንድቆም ነገረኝ። በርጩማ ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ሲወርድ አይቶ ወደ ኋላ ገባ።

በማግስቱ ልጃቸውን የሚድሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ወደ ቤታቸው አልሄዱም ነበር፤ ከጣሳቸው ጋር በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እጀታው መውረዱን ሲያዩ ደነገጡ። ከኋላ ሥራ እንዳለ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

"ልጄ፣ እሱን ካወረድሽው መብራት ሲመጣ በምን እናውቃለን? ነገ ድግስ አለብኝ እኮ" አሉኝ።

እኛ ያን ጊዜ ለትልቅ ሰው እሺ ማለት እንጂ "ግን" ማለት አልተማርንም። ደግሞ መብራት አንዴ ከሄደ ሳይመሽ አይመለስም ብዬ አሰብኩ። በርጩማው ላይ ተመልሼ ወጣሁና እጀታውን ሽቅብ ገፋሁት። እትዬ ዘነበች "እደጊ" ብለው መረቁኝ።

ከኋላ የሆነውን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም። የቀበቶው ክዳን በስምንት ብሎን ነበር የሚታሰረው። አባዬ ቀበቶውን አጥብቆ ክዳኑን ሲመልስ አንዱ ብሎን ከካቻቢቴው ጫፍ አመለጠውና ቀበቶው ሥር ገባ። ቅጭል ሲል ሰማሁት። ጋሼ ክፍሌ የአባዬ እጅ ወፍራም ስለሆነ እሱ እንደሚያወጣው ሲናገርም ሰማሁ። ከዚያ መብራት መጣ። ወፍጮው አጓራ፤ ሰፈሩ እልል አለ። በእልልታው ውስጥ የወንድሜን ጩኸት የሰማነው አባዬና እኔ ብቻ ነን። እጀታውን አወረድኩት፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ሐኪም ቤት ቀኝ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

አባዬ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚናገረው። "ብሎኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ማብሪያው ይውረድ ብዬ ማዘዝ የረሳሁትም እኔ ነኝ" ይል ነበር። ጋሼ ክፍሌ አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል እንጂ አንድም ቀን አላረመውም። እኔን ማዘዙን ሕመሙ አስረስቶታል ብዬ አመንኩ፤ ማመን ስለሚሻለኝ አመንኩ። እትዬ ዘነበችም ልጃቸውን ዳሩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በርበሬያቸውን ተሸክመው ተክለ ሃይማኖት ድረስ እየሄዱ ያስፈጩ ጀመር። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔ አውቅ ነበር።

አባዬ ለመርሳቱ መድኃኒት ስላጣ ለብሎኑ ሊፈልግለት ተነሣ። ከካቻቢቴ ላይ የማይወድቅ ብሎን እሠራለሁ አለ። ባለ አንድ እጅ ሰው ብሎኑን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ማጥበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ብሎኑ ራሱ ካቻቢቴውን መያዝ አለበት። እንዲህ ያለ ብሎን ካለ ልጁ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ማንም ልጅ ደግሞ የወደቀ ብሎን ፍለጋ እጁን የትም አይከትም።

መጀመሪያ የብሎኑን አናት ሰም ቀባው፤ የሞተሩ ሙቀት አቀለጠው። ቀጥሎ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቶ ካቻቢቴውን አሻሸበት። ብሎኑን ያዘለት፤ ግን የቤቱን የብረት ብናኝ ሁሉ እየሰበሰበ ጫፉ ጢም አበቀለ፤ የነሐስ ብሎን ደግሞ ጭራሽ አይስብም። ነገሩ ያለው አናቱ ላይ እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብሎን በኪሎ እየገዛ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያስርና አናቱን ይሞርዳል። የዚያን ጊዜው ብሎን አናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ አንድ ቦይ ብቻ ነበረው፤ ካቻቢቴው በጎን ያመልጣል። አባዬ ቦዩን ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ አደረገው፤ ካቻቢቴውንም እንደ ሽብልቅ ሞረደው። አሁን ሲገባ ይነክሳል፤ ግን ትንሽ ሲነካ በጎን ሾልኮ ይወድቃል።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነበር። ከትምህርት ቤት እንደገባሁ አባዬ ብሎኑን ሰክቶ ካቻቢቴውን ይዘቀዝቀዋል፤ ከሥሩ ትሪ አለ፤ እኔ እቆጥራለሁ። ሳይወድቅ መቶ ከደረስኩ ተሳካ ማለት ነው። ሠላሳ ሁለት ላይ ቅጭል። ዐሥራ ሰባት ላይ ቅጭል። አንዳንዴ አንድ ሳልል ቅጭል። እማዬ ከጓዳ ሆና "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እያለች ልታቀዘቅዘው ትሞክራለች። ብሎኑ ትሪው ላይ ባረፈ ቁጥር አባዬ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔም እጨፍናለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየውን አውቃለሁ፤ እኔ የማየውን ግን እሱ አያውቅም።

ከራሴ ጋር ውል ገባሁ። ቆጠራዬ መቶ የደረሰ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ። ጋሼ ክፍሌ አዝዞኛል፣ አውርጄውም ነበር፣ መልሼ የገፋሁት እኔ ነኝ፣ አንተ የረሳኸው ነገር የለም እለዋለሁ። ብሎኑ ሲወድቅ እፎይ እል ነበር፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ከዚያም የባሰ አለ። እንዳይደርስ ብዬ ቆጠራዬን የማዘገይበት ቀን ነበር። አባዬ የማይወድቅ ብሎን ሲፈልግ አራት ዓመት የፈጀው በሞረዱ ብቻ አይደለም።

በአራተኛው ዓመት ቦዩን ጨርሶ ተወው። ከመኪና ሞላ ብረት ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ መምቻ ሞረደ። ብሎኑን ከሰል ላይ አግሎ መምቻውን አናቱ መሃል ያሳርፍና በመዶሻ ይመታል። አናቱ ላይ እየጠበበ የሚወርድ ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቀራል፤ የካቻቢቴውንም ጫፍ በዚያው ልክ ሠራው። በጎን ማምለጫ የለም። ያን ቀን ሳላስበው መቶ ደረስኩ። አባዬ "ቀጥይ" አለኝ። ሁለት መቶ አልኩ። ካቻቢቴውን በኃይል አራገፈው፤ ብሎኑ እንደተሰካ ቀረ።

ጋሼ ክፍሌን ጠራው። የወፍጮውን ክዳን አውርዶ ስምንቱን አዲስ ብሎኖች ፊቱ ደረደረለት፤ ራሱ ደግሞ እንዳይረዳው ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። ጋሼ ክፍሌ ክዳኑን በጉልበቱ ደግፎ በግራ እጁ አንድ በአንድ እየሰካ ስምንቱንም አጠበቃቸው። አንድም አልወደቀ። አባዬ አንድ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠና "ያን ቀን ይህ ብሎን ቢኖረኝ ኖሮ" አለ። ከዚያ አለቀሰ። በበርበሬ እጄ ዓይኔን ነክቼ ነው አለ፤ እኛም እውነት ነው አልን።

ውሌ ትዝ ብሎኝ አፌን ከፈትኩ። "እንኳን ደስ አለህ አባዬ" አልኩ። ጋሼ ክፍሌ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አባዬን ሳይሆን እኔን ትኩር ብሎ አየኝ። ስለ ቆጠራዬ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት።

አባዬ ብሎኖቹን ለሰፈሩ ወፍጮ ቤቶች ሁሉ ሠራላቸው። በሌላ ካቻቢቴ ስለማይፈቱ ግማሹ ሰው አመሰገነው፣ ግማሹ አማው። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጋሼ ክፍሌ ሲኒማ ራስ አጠገብ የብሎን ሱቅ አለው፤ ባለ አራት ማዕዘን አናቱም፣ ባለ ኮከቡም በካርቶን ከውጭ ይመጣል። የመጀመሪያው ካርቶን ሲከፈት አባዬ ሱቁ ውስጥ ነበር። አንዱን ብሎን አንሥቶ አናቱን በጥፍሩ ዳሰሰው። እንዴት ቀደሙኝ ብሎ የሚናደድ መስሎን ነበር። እሱ ግን "የእነሱ ደግሞ የማን እጅ ሄዶባቸው ይሆን?" አለ። እስኪሞት ድረስ መብራት በሄደ ቁጥር ተነሥቶ የቤቱን ማብሪያ ሁሉ እየዞረ ያጠፋ ነበር። እኛ ቤት መብራት መምጣቱን የምናውቀው በጎረቤት ጩኸት ነው።

አባዬ አምና አረፈ። ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ጋሼ ክፍሌና እኔ ዕቃውን ልናነሣ ጓዳ ገባን። አልጋው ሥር ሦስት ጣሳ ሙሉ ብሎን አገኘን፤ ያልተሳኩትን ነው። ቦያቸው የጠበበ፣ አናታቸው የተሰነጠቀ፤ አንዱንም አልጣለም። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስለ እትዬ ዘነበች፣ ስለ በርጩማው፣ ስለ እጀታው ሁሉንም ነገርኩት። እያለቀስኩ ስለነበር ሁለቴ ነው የነገርኩት።

ጋሼ ክፍሌ ጣሳውን በግራ እጁ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ስታወርጂው አይቻለሁ እኮ። ብናገር አባዬ ዐርፎ ይተኛ ነበር፤ አንቺ ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔ ዝም ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው። አንቺ ካደግሽ በኋላ ዝም ያልሽው ለማን ብለሽ ነው?"

ያን ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ ጠይቆኝ ቢሆን "ፈርቼ" እል ነበር፤ ለዐሥር ዓመት ልጅ ይበቃል። አሁን ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። በየሳምንቱ እሑድ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ምሳ እንበላለን፣ ስለ ልጆች እናወራለን፣ እሱም ጥያቄውን አይደግምም። መልሴን ግን እየጠበቀ ነው።