አንድ ድምፅ ያላት ቅል

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሶሳ ስታዲየም አጠገብ ከባጃጅ ስወርድ፣ ገና በሩ ጋ ሳልደርስ ያ ድምፅ ይመጣብኛል፤ መጀመሪያ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል «ቡ»፣ ቀጥሎ ሁለት ቀጫጭን «ቲ፣ ቲ»፣ ከዚያ «ዱ»። ወጣቶቹ ደጋፊዎች ሁልጊዜ ዙምባራ የሚባለውን የቅል መለከት ይዘው አይመጡም፣ አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ጡሩምባ ነው ጆሯችንን የሚያደነቁሩት፤ ዙምባራው በመጣ ቀን ግን እኔ ሽማግሌው ትኬቴን በእጄ እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆሜ አራተኛዋን ድምፅ እጠብቃለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው «አባባ፣ ይለፉ እንጂ፣ ጨዋታው ተጀመረ» ይለኛል፣ እኔም «እሺ ልጄ» እለውና «ዱ» እስክትል አልንቀሳቀስም።

ያችን «ዱ» አባቴ ነበር የሚነፋት።

እኛ የወሎ ሰዎች ነን። በደርግ ጊዜ ሰፈራ ተብሎ ወደዚህ ስንመጣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው፣ ክረምቱም ገብቶ ስለነበር የመጀመሪያው ትዝታዬ ጭቃ ነው፤ እግር ይዞ የማይለቅ ቀይ ጭቃ፣ ከጭቃው ወዲያ ደግሞ ማለቂያ የሌለው የቀርከሃ ጫካ። የቤታችን ግድግዳም በርም አልጋም ቀርከሃ ነበር። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም፣ ከየት ናችሁ ሲሉን ቁጥሯን ነበር የምንናገረው። አባቴ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር፣ ያንን ክረምት ሙሉ ጓዙን ሳይፈታ ከረመ። ከሀገር ያመጣነውን ጆንያ ከማገሩ ላይ ሰቅሎት ስለነበር እናቴ ዘሐራ ዕቃ ስትፈልግ ታወርደዋለች፣ የፈለገችውን አውጥታ መልሳ ትቋጥረዋለች፣ እሱም ቋጠሮውን በጣቱ ሞክሮ ይሰቅለው ነበር። ያስጨነቀችው እናቱ ናት። አያቴ ከአባቶቼ መቃብር አልለይም ብላ መኪናው ላይ ሳትወጣ ቀርታ ነበር፣ ከሱ ሌላ ልጅ ደግሞ አልነበራትም። ዝናቡ በበረታ ቁጥር አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ይሄኔ ጣሪያው እያፈሰሰባት ነው» ይላል፣ እናቴም «አብሽር፣ ጎረቤት አላት» ትለው ነበር።

ዝናቡ ቆሞ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ኳስ መጣ። የትራክተሩ ሹፌር ነው ከከተማ አንድ የቆዳ ኳስ ይዞ የመጣው። ሜዳ የሚሆን ቦታ ሲፈለግ ከመንደሩ በታች አንድ ትልቅ ማንጎ ያለበት ለጥ ያለ መሬት ተገኘ፣ ለካ የሀገሬው ተወላጆች፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን፣ ማሽላ ይዘሩበት የነበረ መሬት ኖሯል። ጎረምሶቻችን የቀርከሃ ግብ ተክለው መስመሩን በአመድ ሲያሰምሩ፣ ሰዎቹ ከማዶ መጥተው በማንጎው ሥር ተደርድረው ቆሙ፣ እኛም ጠብ ሊነሳ ነው ብለን ፈራን። ከመካከላቸው አቡ ሐሚድ የሚባሉት ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት በቀስታ እስከ መሐል ሜዳ መጥተው ኳሱን በከዘራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«ሜዳው የኛ ነው» አሉ። አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነበር። «ኳሱ የናንተ ነው። ኳስ ያለ ሜዳ ምን ይሠራል? ሜዳውም ማሽላው ሄዷል፣ ባዶ ነው። እንግዲህ ልጆቻችን አብረው ይጫወት።»

እንዲህ ሆኖ ቡድናችን የሁለት መንደር ቡድን ሆነ፣ ደጋፊውም እንደዚያው። ሌላ የሰፈራ መንደር ሊገጥመን በመጣ ቁጥር የኛ ሴቶች በአንድ ወገን እልል ይላሉ፣ የወሎ ጎረምሶች እየተቀባበሉ ያቀነቅናሉ፣ በማንጎው ሥር ደግሞ የበርታ ወንዶች ዙምባራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ዙምባራ ማለት አንዱ ቅል በሌላው ቅል ላይ እየተሰካ የተሠራ መለከት ነው፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ትንሹ ክንድ አይሞላም፣ በአጭሩ ቅል የምንላት እያንዳንዷ መለከት ያላት ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወጣው አንዱ ነፍቶ ዝም ሲል ሌላው እየተቀበለው ነውና አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ይሆናል።

አንድ ሳምንት የአቡ ሐሚድ ታናሽ ወንድም በወባ ወድቆ ቦታው ክፍት ሆነ። አቡ ሐሚድ ደጋፊውን ሁሉ ቃኝተው ቃኝተው፣ ዳር ቆሞ ዝም ያለውን አባቴን በከዘራ ጠቆሙት። «አንተ ረጅሙ! እነዚህ ሁሉ ጮሆ ጮሆ ትንፋሻቸው አልቋል። አንተ ያንተን አልነካህም። ና ወዲህ።»

አባቴ ሀገሩ ሳለ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ነበር፣ ዋሽንትን ደግሞ ብቻህን ጀምረህ ብቻህን ነው የምትጨርሰው። ቅሏን ሲሰጡት እንደዚያው መስሎት የራሱንም፣ ከፊቱም ያለውን፣ ከኋላውም ያለውን እየተሻማ ይነፋው ጀመር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ አቡ ሐሚድም ቅላቸውን ከአፋቸው አውርደው «ያ አኺ፣ ወንድሜ! ሁሉን አንተ ነፋህ፣ እኛ ቤት እንሂድ?» አሉት። ከዚያ ትከሻውን ይዘው፣ «አንዷን ብቻ ንፋ፣ ሌላውን ስማ። ስምህ ሲጠራ አቤት ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» ብለው አስተማሩት።

ወንድማቸው ከወባው ቢድንም ደረቱ አልበረታም፣ ስለዚህ ቅሏ አባቴ ጋ ቀረች። የኛ ዘግይቶ የተዘራው ማሽላ ደርሶ ስንቆርጥ አባቴ ያንን ዜማ ሲለማመድ እኛም አብረን ለመድነው፤ እናቴ ጎንበስ እንዳለች «ቡ» ትላለች፣ እኔ «ቲ፣ ቲ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን እንጠብቀዋለን፣ እሱም ከማሽላው መሐል «ዱ!» ሲል እንስቅ ነበር። አሶሳ ከገባን ወዲህ አባቴ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዙምባራው ግን አንድ ሕግ ነበረው። ቅል የያዘ ሰው ራቅ ወዳለ ሀገር የሚሄድ ከሆነ ለሌላ ሰው በእጁ ያስረክባል እንጂ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አይሄድም። አቡ ሐሚድ ይህን ለአባቴ ሲነግሩት «የት እሄዳለሁ ብለው ነው?» ብሎ መሬት መሬት ሲያይ ትዝ ይለኛል።

በጋው በርትቶ ወንዞቹ ሲጎድሉና ሣሩ ሲቃጠል ያለ ፈቃድ ወደ ወሎ ሾልኮ መመለሻው ጊዜ ደረሰ። ጎረቤታችን ይመር ከአባቴ ጋር ከቤታችን ጓሮ ተቀምጦ ሲያወራ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። «በግጥሚያው ቀን ዘበኛውም ካድሬውም ሜዳ ነው የሚውለው፣ ቀርከሃ ልንቆርጥ ነው ብለን እንውጣ፣ ማን ያየናል?» ይላል። አባቴ «ልጁስ? ዘሐራስ?» አለው። ይመርም «ቀድመን ደርሰን ቤት እናቀናለን፣ ከዚያ እናስመጣቸዋለን» አለ። ከነሱ በፊት እንዲህ ብለው የሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሚስቶቻቸው መንገድ መንገድ እያዩ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ግን አልከለከለችውም። ገብስ አምሳ፣ ፈጭታ፣ በሶ አድርጋ በትንሽ ከረጢት ስትቋጥርለት «እናቱ ናት፣ ምን እላለሁ?» ብላ ለራሷ ስታወራ ሰማኋት።

የግጥሚያው ቀን ጠዋት አባቴ ጀርባዬ ላይ እጁን አሳረፈ። ከዚያ ገጀራውንና በሶውን ይዞ፣ ቅሏንም ከግድግዳው አውርዶ በትከሻው አነገታት። እናቴ «ቅሏን ምን ልታደርጋት?» አለችው። «ዛሬ ዙምባራ የተሸከመን ሰው የት ትሄዳለህ የሚል የለም» አላት፣ ወጣም። ከማገሩ ላይ ያንን ጆንያ አለመውሰዱን ያየሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው፣ ለኛ ትቶልን ነበር።

እንግዶቹ በትራክተር ተጎታች ተጭነው እየዘፈኑ ገቡ። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሆነ፣ አቧራው ተነሣ፣ የኛ ሰዎች ገና ጨዋታው ሳይጀመር በእንግዶቹ ግብ ጠባቂ ላይ ወረዱበት፤ «አንተ ማሽላ ጠባቂ! ወፍ አታስገባም ይሉሃል፣ ኳስ ላይ ግን እንዴት ነህ?» እሱም ዞሮ «እናንተ መጀመሪያ የሚመታ እግር አምጡ!» ብሎ መለሰላቸው። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ማንጎው ሥር የተሰለፉትን ነፊዎች ስቆጥር አራተኛው ቦታ ክፍት ነው።

አቡ ሐሚድ ወደ እናቴ መጥተው «ሰይድ የት ነው?» አሏት።

«ቀርከሃ ሊቆርጥ ሄዷል፣ አቡ ሐሚድ።»

«ዛሬ?»

ሽማግሌው እናቴን ትንሽ አይተዋት ወደ ሰዎቻቸው ተመለሱ። አንዱ ነፊ ተጠግቶ ክፍቱን ሊዘጋ ሲል በከዘራቸው መለሱት፤ «ተወው፣ ቦታው የሰው ነው።» ዙምባራውም እንደዚያው ጎዶሎውን ተነሣ። «ቡ… ቲ፣ ቲ…» ይልና ዝም ይላል፣ ደግሞ «ቡ…» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም፣ ደጋፊው ይጮኻል፣ ኳሱ ይንከባለላል፣ የኛ ልጅ አንድ አገባና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግን ያች ዝምታ በመጣች ቁጥር ጉልበቴን እይዛለሁ፣ እናቴም በሻሿ ጫፍ አፏን ትይዛለች። እንግዶቹ አንድ አገቡ። ከዕረፍት በኋላ ሁለተኛ ጨመሩብን። ኳሱ በቀርከሃው ላይ ነው ከቀርከሃው በታች ነው ያለፈው ተብሎ ዳኛው፣ ያ የትራክተሩ ሹፌር፣ ተከቦ ሲለመን ሲዘለፍ ቆየ። በዚያ ሁካታ መሐል ዙምባራው ደግሞ ተነሣ፤ ቡ፣ ቲ፣ ቲ፣

ዱ።

ወዲያው ለመዞር ፈራሁ። ቀና ስል አባቴ በአራተኛው ቦታ ቆሟል፤ ሸሚዙን ቀርከሃ ቀዶታል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ በተቃጠለ ሣር ጠቁሯል፣ ደረቱ ከሩጫው ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቅሏ ግን ከአፉ አልወረደችም። ነፊዎቹ ዞረው አላዩትም፣ ቦታውም ስለተተወለት ማንም መጠጋት አላስፈለገውም። እናቴ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተንሰቀሰቀች፣ አጠገባችን ያለችው ሴትዮ «አይዞሽ ዘሐራ፣ ገና ጊዜ አለ፣ እናገባለን» አለቻት።

አላገባንም። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የዚያ ሜዳ ልማድ እንግዳ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እስከ ትልቁ መንገድ በዙምባራ መሸኘት ነውና አባቴም አብሮ እየነፋ ሸኛቸው፣ እኔም ሸሚዙን ይዤ ከኋላው ሄድኩ። ስንመለስ አቡ ሐሚድ ከጎኑ ሆነው «ዘገየህ» አሉት።

«መንገድ ስቼ ነው።»

«ቀርከሃ ውስጥ ብዙ ሰው ይጠፋል» አሉት ሽማግሌው። ሌላ ነገር አልጠየቁትም።

ቤት ስንገባ እናቴ የመንገዱን በሶ ከረጢት ፈታችና በማር ለውሳ አቀረበችው፣ ሦስታችንም ምንም ሳናስተርፍ በልተን ጨረስነው። በማግስቱ ጆንያው ከማገሩ ወርዶ ተራገፈ፣ ተመልሶም አልተሰቀለም።

ከፍ ካልኩ በኋላ ነው የሆነውን ራሱ የነገረኝ። ቅሏን ወንዙ ጋ ሲደርስ ዛፍ ላይ ሰቅሏት ሊሄድ ነበር ያሰበው። ሳይሰቅላት ወንዙን ተሻግረው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ግን ነፋሱ ዜማውን አመጣለት። «ጎዶሎ ሆኖ ነው የመጣው» አለኝ፣ «ማንም ስላልገባበት የኔ ቦታ ባዶዋን ትሰማለች። ሌላ ሰው ቢተኩብኝ ኖሮ ሄጄ ነበር።» ይመር ለምኖታል፣ ተቆጥቶታል፣ በመጨረሻ ብቻውን ሄደ። አባቴ እያነባ «እናቴን ካገኘሃት ደህና ነው በልልኝ፣ ምን ይሠራል ካለችህም ቅል ይነፋል በላት» ብሎት ወደኋላ ሮጠ።

ደርግ ወድቆ መንገድ ሲከፈት አባቴ እኔን አስከትሎ ወሎ ሄደ። አያቴ አልቆየችውም፣ አፈሯን ነው ያየው። ጎረቤቶቿ እንደነገሩን ይመር ደርሶ መልእክቱን አድርሶላት ነበር፣ እሷም ስለ ልጇ በጠየቋት ቁጥር «ልጄ አሶሳ ቅል ይነፋል» እያለች እንደ ትልቅ ሹመት ታወራ ነበር አሉ። አባቴ ያን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ብዙ ቆየ። እኔ ያን ዕለት በሜዳው የተደሰትኩባት አንዲት ድምፅ እሱን ምን እንዳስከፈለችው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አባቴ ትንፋሹ ሲያጥርበት ቅሏን ለአቡ ሐሚድ የልጅ ልጅ በእጁ አስረከበ፤ ለኔ ያልሰጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ተራዬ ሳይደርስ እየነፋሁ ስላስቸገርኩት ነው። ያ ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፣ ማንጎው ብቻ አለ። የዛሬው ስታዲየም ከዚያ ሜዳ ስንት እጥፍ ሰው ይይዛል፣ ድምፁ ጣሪያ ያነሣል፣ ወጣቶቹም ከኛ በላይ እንጂ ከኛ በታች አይደግፉም፣ ደስ ይሉኛል። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው ቢቀር ማን ያውቀዋል እያልኩ አስባለሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ቶሎ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ መቀመጡም ልክ ነው፣ ትኬት ከፍሎበታል። እኔ ግን ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ሳይመጣ ሲዘገይ ኮቴን አነጥፍለታለሁ፣ «ሰው አለው ወይ?» ሲሉኝም «አዎ፣ ይመጣል» እላለሁ።