ዐሥሩን ማሽኖች ያለበስኩ ዕለት

መንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዐሥር ኮምፒውተሮች ከነካርቶናቸው ደረሱ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ታምሩ፣ «ማን ይከፍታቸዋል?» አሉ። መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ። «እኔ» አልኩ። ኮምፒውተር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ግን ካርቶኑ ውስጥ መመሪያ ነበር፣ እኔም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረኝ።

ሜሞሪ መቀየርና ፓወር ሰፕላይ መፈተሽ በዚያ መዝገበ ቃላት ተማርኩ። ከዓመታት በኋላ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሺያን የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ። አቶ ታምሩ ዲፕሎማ ሳይጠይቁ በእጄ ሥራ ስላመኑኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ጥብቅ ነበርኩ። ላቡ ውስጥ በጭቃ ጫማ አይገባም። ክፍሉ ሲዘጋ እያንዳንዱ ማሽን ከአቡጀዲ ያሰፋሁለትን ልብስ ይለብሳል። አቧራችን አይጣል ነው። ያልለበሰ ማሽን ካገኘሁ ተማሪውንም መምህሩንም እቆጣ ነበር።

ልጄ ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የገብስ ፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚያወዳድር ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። «ብረት አንድ ነው አባባ፤ ማጭድ ወይም ማረሻ የሚያደርገው ቅርጹ ነው። ፕሮቲንም እንደዚያው። ገብሱ ውርጭ እንዲችል የሚረዳውን ቅርጽ እየፈለግሁ ነው።» የፕሮግራሙን ኮድ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ያርመዋልም። «ይህን ሁሉ ለፍተሽ በነፃ?» አልኳት። «እርስዎስ መመሪያውን ከፍለው ነው ያነበቡት?»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም ትልቅ ሰርቨሩን ሊያውሳት ፈቅዶ ነበር። ግን የፕሮቲኖቹ ሙሉ ዝርዝር የሙከራ ውጤት እስከ ሰኞ መድረስ ነበረበት። ላፕቶፕዋ ብቻውን ወር ይፈጅበታል። የሴሚስተር ዕረፍት ስለነበር ላቡን እንዲፈቅዱልን ልጠይቅ አቶ ታምሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ማሽን ቢቃጠልስ፣ አቶ ደምሴ?»

«ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቁልፉ እጅዎ ላይ ነው።»

ረቡዕ ሥራውን ለዐሥሩ አከፋፍላ አስጀመረች። ስንወጣ «አባባ፣ እንዳያጠፏቸው» አለች። አላጠፋኋቸውም። እንደ ልማዴ አልብሼ ቆለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስንከፍት ዐሥሩም ጠፍተዋል። ውጤት የሚባል የለም።

«መብራት ሄዶ ይሆናል» አልኩ።

«አልሄደም፤ ቤት ውስጥ በመብራት ስሠራ ነው ያነጋሁት።»

«እንግዲያው ኮድሽ ነው። የተጣደፈ ሥራ እንዲህ ነው።» ፊቷ ጠቆረ። እንደገና አስጀምራ ላፕቶፕዋ ላይ ስህተት ስትፈልግ ረፈደ። ለምሳ ስትወጣ እኔ ደግሞ የጽዳቱን አቧራ ፈርቼ ማሽኖቹን አለበስኩ።

ላቡን የሚያጸዱት እትዬ አስካለ ጠረጴዛ ሲወለውሉ እጃቸውን አንዱ ላይ አሳረፉ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ትኩሳት ይዞታል!»

«ማሽን ትኩሳት አይዘውም።»

«ታዲያ ምን ያለብሱታል? በረደኝ አለዎት?»

ልብሱን ስገፍፍ ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ማራገቢያው የሚተነፍስበት ሁሉ ታፍኗል፤ ማሽን ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ ራሱን ያጠፋል። ለዓመታት ያለበስኩት የጠፋ ማሽን ነበር። ማራገቢያ ምን እንደሚሠራ ለስንቱ ያስተማርኩ ሰው፣ የሚሠራ ማሽን አልብሼ ሄድኩ።

ልብሶቹን ሰብስቤ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሰብለ ተመለሰች። «ስህተቱን አላገኘሁትም። ለተቋሙ ያቀረብኩትን ጥያቄ ልሰርዝ ነው። ያላመንኩበትን ሥራ አልልክም።» ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ኮድሽ ደህና ነው» አልኳት። «አልብሼ ያፈንኳቸው እኔ ነኝ።»

«በመንዝ ብርድ?» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ግን ጠዋት ሰድበውኛል።»

«ሰድቤሻለሁ። ይቅርታ።» ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ድርሻዋንም አልካደችም፤ ፕሮግራሙ የደረሰበትን እያስቀመጠ መሄድ ነበረበት። ያንኑ ከሰዓት ጨመረችለት። ቅዳሜ መብራት እውነትም ሄደ። ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አለቀ፤ ሰኞ ላከችው፤ ሰርቨሩንም አገኘች።

ዛሬ ፕሮግራሙን የማላውቃቸው ሰዎች ይጠቀሙበታል። የአጠቃቀም መመሪያው መጨረሻ ላይ አቶ ታምሩ ለዐሥሩ ማሽኖች፣ እትዬ አስካለ ለእጃቸው ተመስግነዋል። ከእኔ ስም ጎን «ማሽኖቹን አለበሰ፣ ተናገረም» ይላል። እንዲወጣልኝ አልጠየቅሁም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነው። ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የራሳችሁን እጅ መርምሩ፤ ከዚያ መብራቱን፤ የሌላውን ሰው ሥራ በመጨረሻ።