ከጩኸቱ ሥር ያለው ድምፅ

አስናቀው ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ጎንደር ላይ ሚኒባስ የሚነዳ መቼም ሞልቷል፤ እንደ አስናቀው ዝምተኛ የሆነ ሾፌር አይቻለሁ የሚል ካለ ግን ይምጣ። ተሳፋሪ ሲሰድበው ዝም፣ ትራፊክ ሲያስቆመው ዝም፣ ጎማ ሲተነፍስበት ዝም። ምነው ሲሉት «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መሪውን ይጨብጣል። ሚስቱ አዛለች፣ ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይኸ ሰው ሳያጨኝ እስከ ዛሬ በአባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር እያለች ስታሾፍበት እንኳ ፈገግ ብሎ ያልፋታል።

እንዲህ ያለው ሰው ነፍሱን የሰጠው ለዘፈን ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ያውም ለአዝማሪ ዘፈን፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት እዚያው በትኩሱ ለተቀረጸ። በካሴት ዘመን በትልቅ ቴፕ ጀመረ፤ አሁን መዳፍ የማትሞላ መቅረጫ አለችው። ሠርግም ሆነ አዝማሪ ቤት ሲገባ በጋቢው ሥር ደረቱ ላይ ይዟት በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ነው የሚተነፍሰው። በማግስቱ ሚኒባሱ ውስጥ ከፍቶ ሲሰማው ግን ፊቱ ይከስላል። ዘፈኑ መሐል የማይጮኽ የለማ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ጠርሙስ ይጥላል፣ አንዷ እልልታዋን መቅረጫው ላይ ታፈሰዋለች፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን አንሥቶ ያለበትን ቤት ለሚስቱ እየዋሸ ያስረዳል። አስናቀው በሰው ክፉ አይናገርም፤ ስለነዚህ ግን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲል ተሰምቷል።

በዚህ ነገር የማይስማማው የልብ ወዳጁ አወቀ ነው። አወቀ ፒያሳ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ሥራውን አቁሞ ሱቁን ለዘፈን ወዳጆች ይለቃል። የሚመጡት እንደ አስናቀው የሚቀርጹ፣ ቅጂ የሚለዋወጡ፣ ያኛው ሠርግ ላይ የተቀረጸው ይሻላል፣ የለም የጥምቀቱ ነው የሚሻለው እየተባባሉ እስኪመሽ የሚጨቃጨቁ ናቸው። አወቀ ጩኸት የሌለው ቅጂ ጨው የሌለው ወጥ ነው ባይ ነው። ሰው ካልጮኸበት ለግድግዳ ይዘፈን ለሰው በምን ይታወቃል ይላል። አንድ ቀን፣ ጩኸት ካልወደድህ ምነው በስቱዲዮ የተቀረጸውን አትሰማም ብሎ አስናቀውን አፋጠጠው። አስናቀው ብዙ አሰበና ስቱዲዮ ውስጥ ሰው አያልበውም ብሎ መለሰ። እንግዲህ የሰው ላብ ያለበትን ዘፈን ይፈልጋል፤ ሰዉን ግን አይፈልግም። አወቀ ምላጩን አስቀምጦ ነው የሳቀበት።

ሌላ እሁድ ደግሞ አወቀ፣ የወንድሙ ልጅ ከአዲስ አበባ አምጥቶ የተወለትን ፍላሽ ሰካ። የውጭ አገር የሮክ ኮንሰርት ነበር። ጊታሩ ሲያገሣ ሌሎቹ ጆሯቸውን ያዙ፤ አስናቀው ግን ወንበሩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። መሐል ላይ ዘፋኙ በድንገት ዝም አለ፤ የጥምቀት ዕለት የቀሐን ጥምቀተ ባሕር የሚሞላውን ሰው የሚያህል ሕዝብ ዘፈኑን ከአፉ ነጥቆ እስከ መጨረሻው አወረደው። አስናቀው መልሰው አለ። ደግሞ መልሰው አለ። ከፍለው ገብተው ራሳቸው ከዘፈኑ ዘፋኙ ምን ሊሠራ መጣ? ደግሞስ መቅረጫው አጠገብ ሆኖ ዘፈኑን ሁሉ በፉጨት የጨረሰው ሰውዬ ማን ይሆን? ዛሬ በሕይወት አለ? ፉጨቱ ጎንደር ድረስ መምጣቱንስ ማን ይነግረዋል? እያለ ወዳጁን በጥያቄ አደረቀው። ጩኸት ጠላሁ የሚል ሰው ለአንድ አፏጪ ይኸን ያህል መጨነቁ አወቀን ደነቀው።

አስናቀውን በእውነት እንቅልፍ የነሣው ግን የየትነበርሽ ዘፈን ነው። የትነበርሽ ዘፋኝ ናት፤ ባሏ ማሩ ማሲንቆ ይመታል። ሁለቱ በሠርግና በአዝማሪ ቤት እየዞሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ከዘፈኖቿ መሐል አንድ ረጅም ትዝታ አለ። መሐሉ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ወደ ላይ ሰቅላ ሰቅላ ትወስደዋለች፤ ማሲንቆው እየቀጠነ ይሄዳል፤ ልክ ልታወርደው ስትል ቤቱ ይናጋል። «ተቀበይ!» ብሎ ግጥም የሚሰጣት፣ እልል የሚል፣ የሚያጨበጭብ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። አስናቀው ይህን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደቀረጸው እሱም አያውቅም፤ በሁሉም ላይ ያች ቦታ በጩኸት ተሸፍናለች። ከበር አጠገብ ሆኖ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ያያል፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የየትነበርሽ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ትዘፍናለች ማለት ነው። ምን ትላለች? ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከጩኸቱ ሥር ያለውን አንድም ቀን አልሰማም። እንዳይጠይቃት ደግሞ አስናቀው አስናቀው ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ክፉ ወሬ መጣ። የትነበርሽ አንገቷ ላይ ለዓመታት የቆየው እንቅርት አድጎ መተንፈስ ከልክሏታል፤ ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ይውጣ ብለዋል። ከድምፅሽ ጅማት የተጠጋ ስለሆነ ድምፅሽ እንደ ነበረ ይመለሳል ብለን ቃል አንገባም ብለው በግልጽ ነግረዋታል። እንጀራዋ ዘፈን ለሆነ ሴት ይህ እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አስናቀው ወሬውን የሰማው መሪ ላይ ሆኖ ነበር፤ ወራጅ አለ ሲሉት ሳይሰማ አልፎ አዘዞ እስኪደርስ ሲሰደብ ሄደ። ያ ድምፅ ከጠፋ፣ ያች ቦታ ላይ ያለው ነገርም አብሮ ሊጠፋ ነው።

በማግስቱ ከሱ የማይጠበቀውን አደረገ። ማሩን ፈልጎ አገኘውና፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው በሌለበት ልቅረጻት ብሎ ለመነው። የትነበርሽ ሰምታ ሳቀች። አያ አስናቀው አፍ አውጥቶ ከለመነማ እንዴት እንቢ እላለሁ ብላ እሺ አለች።

አስናቀው አዘዞ ያለውን ቤቱን ለዚህ አሰናዳ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነ፣ ዶሮዎቹን ጎረቤት አስገባ፣ አዛለችን እህቷ ዘንድ ሸኘ፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ትራስ ሥር ቀበረው። እንግዶቹ ከመጡ በኋላም እዚያው አዘዞ አየር ማረፊያ አንድ አውሮፕላን አርፎ እስኪረጋ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ መቅረጫዋን ከፈተ፤ የትነበርሽም ዘፈነች።

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ሆኖም አስናቀው ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ቅር አለው። ዐይኗ ማረፊያ አጣ፤ ብርድ ልብሱን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ ተመልሳ ብርድ ልብሱን ታያለች። ያች ቦታ ደረሰች። ድምፅዋን ሰቀለችው፣ ማሲንቆው ቀጠነ፣ አስናቀው ትንፋሹን ዋጠ። የትነበርሽ ዝም አለች። ማሩ የማሲንቆውን ድምፅ ጥቂት አንጠልጥሎ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፉ።

ሲጨርሱ አስናቀው እንደ ምንም ብሎ ጠየቀ። «እታለም፣ እዚያ ላይ የምትይውን ምነው ተውሽው?»

የትነበርሽ ነገሩ አልገባትም። ሰው ሲጮኽ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እንደሚያይ፣ የምትለውን ለመስማት ስንት ዘመን እንደደከመ እየተንተባተበ አስረዳት። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ማሩ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አያ አስናቀው፣ እዚያ ላይ እኮ የኔ የሚባል ነገር የለም» አለችው። «ቦታው የእናንተ ነው። የሰጣችሁኝ ግጥም እንዳይጠፋኝ በአፌ እየደገምሁ ነው የምታየኝ። እሱን ይዤ ነው የምነሣው።»

ወይ ጉድ! ሰውዬው ያን ሁሉ ዘመን ጩኸቱን እየረገመ ከሥሩ ሲቆፍር የኖረው ያንኑ ጩኸት ነበር። አስናቀው አፈረ፤ ግን ደግሞ አንድ ነገር ውስጡን በላው። እዚያች ቦታ ላይ እሱ ራሱ አንድም ቀን ምንም አልሰጣትም። ማሩም ያሰበውን ያወቀበት ይመስል፣ እንግዲያ አንድ ግጥም ስጠንና እንደገና እንዝፈነው አለው። ጀመሩ። ቦታው ሲደርስ ማሩ በቅንድቡ ጠቀሰው፤ የትነበርሽም ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። አስናቀው አፉን ከፈተ። ላብ አጠመቀው፤ ቃል ግን አልወጣም። ጥቂት ጠብቃው ብቻዋን አለፈች። አልተቀየመችውም። ስትሄድ ግን እጁን ይዛ፣ የመጨረሻዬ ከሆነ እንኳ ለሰው ብዘፍነው ደስ ይለኝ ነበር አለችው።

ያን ቅጂ እሁድ አወቀ ሱቅ ወስዶ አሰማ። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ሸጋ ነው አሉ፤ ድገመው ያለ ግን አልተገኘም። አስናቀውም ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ከፈተው፤ ያች ባዶ ቦታ ስትደርስ እሱ አፉን ከፍቶ የቀረባት ቅጽበት ትዝ አለችውና ዘጋው። ሁለተኛ አልከፈተውም።

የትነበርሽ በኅዳር ኦፕራሲዮን ተደረገች። ዳነች፤ እንደ ልቧ መተንፈስ ቻለች። ድምፅዋ ግን ለብዙ ጊዜ ሹክሹክታ ሆኖ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ሲመለስም ወፍሮና ዝቅ ብሎ መጣ። ማሩ ብቻውን ሠርግ መዞር ጀመረ። የሚጠሩት ሰዎች እሷስ እያሉ ይጠይቁትና፣ መልሱን ሲሰሙ ሌላ አዝማሪ ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ልጆቿ ከገቡባት ታቋርጣለች ሲባል አስናቀው ሰማ።

ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ አወቀ ልጁን ዳረ። ዳሱ አዘዞ ተጣለ። አወቀ፣ የትነበርሽ ካልዘፈነች ልጄ አልተዳረችም ብሎ አስምሎ ጠራት፤ እሷም አንገቷን በነጠላ ሸፍና ከማሩ ጋር መጣች። ለመዝፈን ስትነሣ ዳሱ ጸጥ አለ። ታማ ነው የተነሣችው፣ አትጩኹባት፣ አታስጨንቋት ተባባለ ሰዉ። የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ወደ ውጭ ተወሰደ። ለደግ ብለው ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። አስናቀው ዳር ተቀምጦ መቅረጫዋን ከፍቷል፤ የተመኘውን ጸጥታ እነሆ አገኘው።

የትነበርሽ ያንኑ ትዝታ ጀመረች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ወደ ላይ ልትሰቅለው ስትል እንቢ አላት፤ ከቻለችበት አድርሳ ቆመች። ቦታው ደርሷል። የሚሰጣት የለም። ዐይኗ ከሰው ወደ ሰው ዞረ፤ የሚያያት ሁሉ የሚያያት በሐዘኔታ ነው። በብርድ ልብስ በተሸፈነው ቤት ያየው ዐይን መሆኑን አስናቀው ለየው። ዛሬ አንድ ሰው ካልደረሰላት ይህች ሴት ዳግመኛ ሰው ፊት እንደማትቆም ገባው። ማሩ የማሲንቆውን ድምፅ አንጠልጥሎ ቆየ፤ ክንዱ መዛል ጀመረ። እሷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መቀመጫዋ ዞረች።

መቅረጫዋ ከጉልበቱ ወድቃ እግር ሥር ስትገባ አስናቀው አላያትም። ተነሥቶ ቆሟል።

«ተቀበይ!» አለ።

ድምፁ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ተንጫረረ። ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየው። አዛለች አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም።

«ጉሮሮሽ ቢደክም እኛ ለምን አለን፤
አንቺ ጀምሪና እንጨርሰዋለን።»

አወቀ ወንድ መሆኑን ረስቶ እልል አለ። ከዚያማ ዳሱ ተናጋ። የትነበርሽ የመጀመሪያውን ስንኝ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ይዛ ተነሣች፤ ሁለተኛውን ገና ስትጀምረው ሰዉ ከአፏ ተቀብሎ ጨረሰላት። እነሱ ሲዘፍኑ እሷ ተነፈሰች፤ ተነፈሰችና ደግማ ያዘችው፤ ደግመው ተቀበሏት። ማሩ እያለቀሰ ይመታል። ጭብጨባው በረድ ሲል ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ጣለችው፤ ጠባሳዋን ሰው ቢያየውም ግድ አልሰጣትም። በሰዉ መሐል አልፋ አስናቀው ፊት መጥታ ቆመች።

«አያ አስናቀው፣ ሌላ የለህም?» አለችው።

ያን ሁሉ ዘመን በር ሥር አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ነውና፣ ነበረው።