ከፋብሪካው በር የተመለስኩ ቀን

ደሴ ያለው መኪና ሻጭ የሚግባቡት ሰው ነው። ዋጋ ይጠራል፣ ትስቃለህ። ግማሹን ትሰጠዋለህ፣ እሱ ይስቃል። ተነስተህ ስትወጣ «ና እስቲ ወንድሜ፣ ምን አስቸኮለህ» ብሎ ይመልስሃል። ብቻ የጠራልህ ዋጋ ውስጥ የራሱም፣ የደላላውም፣ የሻዩም አለበት። ስለዚህ ፍራሽ የማመላልስባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሲያስፈልገኝ፣ ኮምቦልቻ ወደሚገጣጥሟት ፋብሪካ ራሴ ወረድኩ።

ቢስቲማ ገበያ በቅሎ ሲገዙ ሲሸጡ ያረጁት አጎቴ መክረውኛል። «ፋብሪካም ቢሆን ሻጭ ሻጭ ነው። ጀርባህን ሳያይ ዋጋ አይወርድለትም። ሳታስቀንስ ከመጣህ ወላሂ፣ መኪናህ ላይ አልወጣም።»

ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን እያየች ዋጋውን ነገረችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«የመጨረሻውስ?»

«መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

«ከደሴ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን ደህና መጡ። ከዚህ ዙር የቀረችው አንድ ናት፤ እኒህም እያሰቡባት ነው።»

ጥግ ላይ አንድ የደጋን ከተማ ሰው ተቀምጦ ብሮሸር ያገላብጣል።

ዋጋው ከደሴው በብዙ ያንሳል። መክፈል ነበረብኝ። እግሬ ግን የለመደውን አደረገ፤ ተነስቶ ወጣ።

ግቢው ሰፊ ነው። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። የታሰረ ጫማዬን ፈትቼ አሰርኩ። ያልጮኸ ስልክ አነሳሁ። የሚጣራ የለም። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል፣ በመስታወቱ ውስጥ የደጋኑ ሰውዬ ወንበሩን ወደ ልጅቷ ሲያስጠጋ አየሁ።

«የረሱት ነገር አለ?» አለኝ ዘበኛው።

«እስኪጠሩኝ ነው።»

ቢሮውን አየ፣ እኔን አየ። «እዚህ ቤት እንኳ ሰው አይጠራም። ባለፈው አንዱ ነጋዴ አስፋልቱ ድረስ ሄዶ በራሱ ነው የተመለሰው።»

አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይመለሱ እንጂ፣ ምን አስቸኮለዎት?»

«አይ፣ ተወኝ» አልኩ፤ ደንቡ ነውና።

«በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። እየሮጥኩ ተመለስኩና ሙሉውን ከፈልኩ።

መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የሐረጎን ዳገት ሁለታችንም ዝም ብለን ወጣነው። አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«አስቀነስክ?»

«ከበር ነው በአላህ ብለው የመለሱኝ።»

«አላልኩህም?» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቢና ገቡ።